የአባት ጢም

«ድኛለሁ ካልክ ና ላጨኝ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ አባት፣ ደንበኞቹ በሚቀመጡበት ወንበር ላይ ዘፍ ብሎ። በዚህ ቤት ታሞ የተመለሰ ሠራተኛ ምላጭ የሚይዘው መጀመሪያ ባለቤቱን ላጭቶ ነው። ኮኬይን የልጁን የአንጎል ደም ስር ዘግቶ ሆስፒታል ከጣለው ወዲህ የአባት ንዴት አልበረደም። «አንተ ያንን ዱቄት በአፍንጫህ ስትስብ፣ እኔ እዚህ ቆሜ እግሬ ያብጣል!»

ልጁ አረፋውን ቀባና ፊት ለፊቱ ቆሞ ምላጩን ከጆሮው ሥር ወደ አገጩ አወረደው። አባት የልጁ እጅ እንደሚንቀጠቀጥ እርግጠኛ ስለነበር ስድቡን አፉ ውስጥ አዘጋጅቶ ጠበቀ፤ ምላጩ ግን እንደ ድሮው ለስለስ ብሎ ሲንሸራተት ሳያስበው ዓይኑን ጨፈነ።

«ጨርሻለሁ አባዬ» አለ ልጁ ምላጩን እያጠፈ።

አባት ዓይኑን ገልጦ መስታወቱን አየ። ግራ ጉንጩ ጥርት ብሏል፤ ቀኙ ላይ አረፋው እንዳለ ነው። ደሙ ፈላ። «ትቀልድብኛለህ አንተ? እስቲ ደህና አድርገህ እየኝ!»

ልጁ ጎንበስ ብሎ በጥንቃቄ አየው። ዓይኑ ከአባቱ አፍንጫ አላለፈም፤ በስተግራው በኩል ምንም እንደሌለ ሁሉ አረፋው ጋ ሳይደርስ ተመለሰ። ከዚያ ፈገግ አለና ጥርት ያለውን ጉንጭ በመዳፉ ዳበስ አድርጎ፣ «አንዲት ፀጉር እንኳ አላስቀረሁም» አለ።