ከአልጌ የወጣ ዘይት

ብዙወርቅ ዘይት የሚያሟሟው ኤተር የተነነበትን ጠርሙስ ሚዛኑ ላይ ስታስቀምጥ፣ ምሳዋን ይዘው አቃቂ በሚገኘው የዘይት ፋብሪካ ላቦራቶሪ በር ላይ የቆሙት አያቷ የነጠላቸውን ጫፍ ጨበጡ። ከቢሾፍቱ ሐይቅ የመጣው አልጌ ሁለት ጊዜ ተሞክሮ ጠብታ ዘይት አልወጣውም። አሁንም ከከሸፈ ልጅቱ ወደ ማሸጊያ ክፍል ትወርዳለች። ዛሬ ግን በአያቷ ምክር፣ ደረቁን አልጌ በሙቀጫ ወቅጣ ነበር ኤተር ውስጥ ነክራ ያጠለለችው።

«ኑግ መሰለዎት እንዴ፣ እማማ?» ሲሉ የላቦራቶሪው ኃላፊ አሾፉ።

«ሳይወቀጥ ምኑ ይወጣዋል፣ ጌታዬ?» አሉ አያቷ፤ ወዲያውም ምላሳቸው ልጅቱን እንዳያስባርር ፈሩ።

የሚዛኑ መርፌ ከባዶው ጠርሙስ ክብደት አልፎ ሄደ። ኃላፊው ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አንስተው ቢያዘነብሉት፣ ከሥሩ አረንጓዴ ቅባት ተንሸራተተ። መነጽራቸውን አወለቁና መዝገቡን ወደ ብዙወርቅ ገፋ አደረጉት።

«ውጤቱን በራስሽ ስም ፈርሚበት።»

አሮጊቷ ላቦራቶሪ መሆኑን ረስተው እልልታቸውን አቀለጡት።