የፓስተር ኦዋጋ ፊት

ኪያሎ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ አንድ ቀን እናቱን፣ «እማ፣ ቲማቲሙን ሳትነኪው መብሰሉን በምን ታውቂያለሽ?» ብሎ ጠየቃት።

እናቱ ሲዮምቧ ናይሮቢ፣ ማሪኪቲ ገበያ ውስጥ አትክልት ትሸጥ ነበር። ገዢ ፊቷ ቆሟል፤ ልጁ ከሥራ ለማምለጥ የሚቀባጥር መሰላት። «ሲሠሩ ይታወቃል» አለችውና ድንች እንዲለቅም ሰደደችው።

አሁን ኪያሎ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። ድንቹን ትቶ ግራፊክ ዲዛይን ተማረ። እስካሁን የሚያገኘው ሥራ የቀብር መርሐ ግብር ነው፤ ጥቁር በነጭ፣ ከነመስቀሉ። አመሻሽ ላይ ከሰፈር ጓደኞቹ ጋር የኮምፒውተር ኳስ ይጫወታል። ግን አይሆንለትም።

«ኧረ ለነሱ ነው ያቀበልከው! ማልያችን አይታይህም እንዴ?» ይሉታል።

«ሞኒተሩ ነው እንጂ፣ እኔ ምን ላድርግ! ይዘገያል እኮ።»

ሞኒተሩን የገዙት ሉቱሊ ጎዳና፣ ጊታሂ ከሚባል ሰው ሱቅ ነው። ያን ቀን ጊታሂ እየደረደረ አሳያቸው። «ይኼኛው ለዲዛይን ነው፣ ቀለሙ እውነተኛ ነው፤ ለጌም ግን ይንቀራፈፋል። ያኛው ለጌም ፈጣን ነው፤ ቀለሙ እንዲያው ነው። ሁለቱንም የሚችለው ዋጋው ጠንከር ይላል» አላቸው። ሲዮምቧ ግማሽ ቀን ተከራክራ፣ አውሮፓ አገልግሎ የመጣ፣ ሁለቱንም ይችላል የተባለ ሃያ አራት ኢንች እስከ ዘጠኝ ሺህ ሽልንግ አስወረደች።

«ማማ፣ ሱቁን ጭምር ይዘሽ ልትሄጂ ነው እኮ» አለ ጊታሂ እየጠቀለለላት።

ከዚያ የቤተ ክርስቲያኑ ሥራ መጣ። ፓስተር ኦዋጋ ያገለገሉበት ሃያ አምስተኛ ዓመት ሊከበር ነው፤ ባነሩን፣ ቲሸርቱንና የመዝሙር መጽሐፉን ሽፋን የሚሠራ ተፈለገ። ሲዮምቧ የሴቶች ኅብረት ፊት ተነሥታ፣ «ልጄ አለ፤ እኔ ዋስ ነኝ» አለች። ከዚያ በፊት ሰው ፊት ቆማ ምንም ለምና አታውቅም።

ፎቶግራፉ ቀይ ድንኳን ውስጥ የተነሣ ነበርና የፓስተሩ ሚስት፣ «ፊታቸው ቀልቷል፣ አስተካክለው» አለችው። ኪያሎ ቅላቱን ለማጥፋት ሁለት ቀን ደከመ።

በዓሉ ሳምንት ሲቀረው፣ እሑድ፣ ባነሩ ከመድረኩ በላይ ተዘረጋ። ፓስተር ኦዋጋ ሦስት ሜትር ሆነው፣ እንደ ሱኩማ ጎመን አረንጓዴ ሆነው ብቅ አሉ።

መጀመሪያ ሕፃናቱ ሳቁ፤ ቀጥሎ መዘምራኑ። ከኋላ አንዷ፣ «ፓስተራችን ሻገቱ እንዴ?» አለች። ሲዮምቧ አምልኮው እስኪያልቅ ቀና አላለችም። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

የበዓሉ ኮሚቴ አንድ ዕድል ሰጣቸው። እስከ ሐሙስ ተስተካክሎ ካልመጣ ሥራው ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ የኪያሎም ስም በዚያው ያበቃል።

«እኔ ጋ ደህና ነበር እኮ፣ እማ» አለ ኪያሎ። አታሚው ደግሞ፣ «እኔ ያመጣልኝን ነው ያተምኩት» ብሎ ማለ። የቀረው ሞኒተሩ ነው። ኪያሎ ከፍቶ ላሳይሽ ቢላት እምቢ አለች፤ ያን ፊት ደግማ ልታየው አልፈለገችም። ሰኞ ጸሎቷን አድርሳ ሞኒተሩን በምታገለድመው ጨርቅ፣ በሌሶዋ ጠቀለለችና ከልጇ ጋር ሉቱሊ ወረደች።

ሱቁን ሰው ሞልቶታል። ሲዮምቧ ገበያ ውስጥ ብትኖርም የምትጮህ ሴት አልነበረችም። ያን ቀን ጮኸች።

«ዕውር መሰልንህ? የእግዚአብሔርን ሰው አረንጓዴ አደረግህብን!»

«ማማ፣ ቀስ በይ፣ እንነጋገር…»

«ምን ቀስ እላለሁ! እኔ የበሰበሰ ቲማቲም ከሥር ቀብሬ ሸጬልህ አውቃለሁ?»

አንድ ገዢ የያዘውን ኪቦርድ መልሶ አስቀምጦ ወጣ። ሌላው ተከተለው። ጊታሂ ግንባሩን ጠረገ፤ ክርክር አልገጠመም። ከላይኛው መደርደሪያ ትልቁን፣ አርባ ሺህ የሚያወጣውን፣ ዋና ዋናዎቹ ዲዛይነሮች ብቻ የሚገዙትን አወረደና ሰካው።

«ሥራህን ስጠኝ» አለው ኪያሎን።

ኪያሎ ፍላሹን አቀበለው። ፓስተር ኦዋጋ ስክሪኑን ሞልተው ወጡ።

«ይኸው!» አለ ኪያሎ፣ እፎይ ብሎ። «እይ እማ! እዚህ ላይ ፊታቸው ምን ሆነ? ደህና ነው። አላልኩሽም?»

ጊታሂ ኪያሎን አየው። ከዚያ እናቱን አየ። ስክሪኑ ላይ ያሉት ፓስተር እንደ እሑዱ አረንጓዴ ነበሩ።

ሲዮምቧ ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ ተመለከተች። የሌሶዋን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ አሮጌውን ሞኒተር በገዛ እጇ መልሳ ጠቀለለችና፣ «እንሂድ» አለች።

በታክሲው፣ በማታቱው ውስጥ ኪያሎ ጆሮዋ ጋ ጠጋ አለ። «ዋጋው አስደንግጦሽ ነው፣ አይደል? አይዞሽ እማ፣ ሠርቼ እገዛዋለሁ። እነሱም እስከ ሐሙስ ይታገሡናል።»

«ዝም በል፣ ልጄ» አለችው፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ እንዳዞረች። የእሑዱ ኀፍረት ከዚህኛው ጋር ሲተያይ ኀፍረትም አልነበረም። ጉልበቷ ላይ ያለውን ሞኒተር እንደ ሕፃን አቅፋ፣ እስኪወርዱ ድረስ ከንፈሯ በጸሎት ይንቀሳቀስ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት፣ ከሸቀጧ ሁለት ቲማቲም መርጣ፣ አንድ ጥሬ አንድ ብስል፣ ልጇ ፊት ጎን ለጎን አስቀመጠችና፣ «የበሰለው የትኛው ነው? ሳትነካ ንገረኝ» አለችው።