በሦስተኛው ክፍል የተከፈተው በር

ዓይኗ ለጠፋ ሴት መጽሐፍ እያነበባችሁ መጨረሻውን ብትለውጡባት፣ ዋሻችሁ ወይስ አገለገላችሁ?

ጵርስቅላ አገለገልኩ ባይ ናት። ሆሳዕና ውስጥ የሰንበት ትምህርት ታስተምራለች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ለአክስቷ ለእትዬ ርብቃ ታነባለች። እትዬ ርብቃ ከአርባ ዓመት በላይ ድሬዳዋ ኖረው የተመለሱት ግላኮማ ዓይናቸውን ከወሰደው በኋላ ነው። ምላሳቸውን አልወሰደውም።

የሚወዱት ደግሞ ወንጌል አይደለም፤ ግድያ ነው። ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ፣ በተለይ ክፍል ሁለትና ክፍል ሦስት ያለው። ጵርስቅላ መናኸሪያ አጠገብ መጽሐፍ ከሚያከራየው ከፈትሁዲን እየተከራየች ታመጣላቸዋለች። እሳቸው ይሰማሉ፣ ከዚያ ይፈርዳሉ።

«ክፍል ሁለት ማለት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» ይላሉ። «በክፍል አንድ ሞቶ የተቀበረው ሰውዬ መንትያ ነበረው ብሎ ማስነሳት ነው። የወለደችው እናት እንኳ አታውቀውም።»

የባንክ ዘበኛ ስለሚገደልበት መጽሐፍ ሲጠየቁ ደግሞ፣ «ገዳዩን ገና ሲገባ አወቅሁት። ልቦለድ ውስጥ ሰላምታ የሚያበዛ ሰው ገዳይ ነው። ሆሳዕናም ውስጥ ያው ነው» አሉ።

ጵርስቅላን እንቅልፍ የነሳት ግን ሌላ ነገር ነው። አባቷ አቶ ሳህሉ፣ ከሆሳዕና አጠገብ ሌሞ ውስጥ ለእህታቸው ለእትዬ ርብቃ በውርስ የደረሰውን የእንሰት ማሳ «ሴት ልጅ አግብታ ሂያጅ ናት» ብለው በራሳቸው አጥር ከከለሉት ወዲህ፣ ወንድምና እህት ተነጋግረው አያውቁም። አሁን የአቶ ሳህሉ ልብ ደክሟል። ቂም የያዘና የተያዘበት ሰው ወደ ጌታ እራት አይቀርብም ተብሎ ስለሚታመን፣ የቁርባን እሁድ በመጣ ቁጥር ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ይመለሳሉ። ሳይታረቁ እንዳይሞቱባት ትፈራለች። ሽማግሌም ተልኮ ነበር፤ ሻይ ጠጥቶ ተመለሰ።

ስለዚህ ጵርስቅላ በመጻሕፍቱ በኩል ገባች።

መጀመሪያ የለወጠችው ትንሽ ነበር። ሚስቱን የመረዘው ነጋዴ በመሰቀል ፈንታ ንስሐ ገባ። ቀጥሎ የባንክ ዘበኛው ገዳይ እጁን አንስቶ ጌታን ተቀበለ። እየቆየ መርማሪ ፖሊሱም ምስክርነት መስጠት ጀመረ።

«እኔ የምልሽ» አሉ እትዬ ርብቃ አንድ ቀን፣ «የዘንድሮ ገዳዮች ሁሉ ለእሁድ ፕሮግራም ይደርሳሉ። ፖሊስ ምን ሠርቶ ነው ደመወዝ የሚበላው?»

«ዘመኑ ነው፣ አክስቴ። ደራሲዎቹ ተለውጠዋል።»

«ሁሉም በአንዴ?»

«መንፈስ ሲሠራ እንደዚያ ነው።»

«መርማሪውም ልክ እንዳንቺ ‹አሜን በሉ› ይላል። አንድ አጥቢያ ናችሁ እንዴ?»

ጵርስቅላ ገጹን ገለጠች።

በሌላ ሳምንት ፈትሁዲን አንድ ባለ ሦስት ክፍል መጽሐፍ ሰጣት። ሽፋኑ ላይ «ሱራፌል» ከሚል ስም በቀር ስለ ደራሲው የተጻፈ ነገር የለም።

«ፎቶ የለውም?»

«መልከ መልካም ቢሆን ይለጥፍ ነበር» አለ ፈትሁዲን።

እትዬ ርብቃ የደራሲውን ስም ሲሰሙ ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ።

«ምነው፣ አክስቴ?»

«ያልጠበቅሁት እንግዳ መጣብኝ። አንብቢ።»

ታሪኩ ለጵርስቅላ ከሰማይ የተላከ መሰላት፤ ወንድሟ መሬቷን የነጠቃት ሴት ታሪክ ነው። እትዬ ርብቃ ክፍል አንድን ያለ አስተያየት ሰሙት። አልፎ አልፎ ከንፈራቸው ከንባቡ ቀድሞ ይንቀሳቀሳል። ጵርስቅላ ጸሎት ጀመሩ ብላ ደስ አላት።

ክፍል ሁለትን ግን አልማሩትም። «ይሄ ለቤት ኪራይ የተጻፈ ነው። አሳታሚው ወትውቶ ነው።»

«በምን አወቁ?»

«ችኮላ ይታወቃል።»

በሦስተኛው ክፍል መጨረሻ ወንድምየው ዝናብ እየወረደበት እህቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ይቅርታ ይለምናል። እሷ በሩን አትከፍትለትም፤ እዚያው ይሞታል። ጵርስቅላ በዓይኗ ያየችው ይህን ነው። በአፏ ግን በሩን ከፈተች። ወንድምየውን አስገባች፣ እግሩን አጠበች፣ ጎረቤት ሰብስባ አስዘመረች። መዝሙሩንም አዝማቹን ደገመችው።

እትዬ ርብቃ ጆሯቸውን አዘነበሉ።

«እግሩን አጠበችው?»

«በሞቀ ውሃ።»

«እንዲህ ተብሎ ነው የተጻፈው?»

ጵርስቅላ ማየት እንደማይችሉ ብታውቅም ገጹን በመዳፏ ሸፈነችው። «እንዲሁ ነው።»

«ደህና ደራሲ ነው» አሉ። «ቅዳሜ አባትሽን አምጪው።»

ጵርስቅላ ቤቷ እስክትደርስ ባጃጅ ውስጥ አለቀሰች። ሾፌሩ ሰው የሞተባት መስሎት ዘፈኑን ዘጋው።

ቅዳሜ አቶ ሳህሉ በሽማግሌው በአቶ ዕንባቆም ተደግፈው ገቡ። አልቀመጥም አሉ። በልጅነታቸው ከእህታቸው ጋር ያወሩበት በነበረው በሀዲይኛ ጀመሩ፣ ትንፋሽ ሲያጥራቸው ወደ አማርኛ ዞሩ።

«ርብቃ፣ በድዬሻለሁ። ማሳው ያንቺ ነበር። ለሰው ሁሉ የኔ ነው ስል ኖርኩ። ይቅር በዪኝ።»

አቶ ዕንባቆም ለምስጋና ጸሎት ከወዲሁ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እትዬ ርብቃ እጃቸውን ዘርግተው የወንድማቸውን ፊት ዳሰሱ፤ ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ የረጠበውን ጢሙን።

«አርጅተሃል» አሉ ቀስ ብለው።

ጵርስቅላ በልቧ ሃሌ ሉያ አለች።

እትዬ ርብቃ እጃቸውን ሰብስበው ወደ እሷ ዞሩ። «ያ የሱራፌል መጽሐፍ የኔ ነው፣ ጵርስቅላ። ስጽፈው በሩን አልከፈትኩም። ማንንም ይቅር አልልም።»