የረይሀና ስላይዶች

ረይሀና ከጊዮርጊስ እስከ ኮሌጇ በእግሯ ሮጠች። እጇን ብታወዛውዝ ብታወዛውዝ የሚቆምላት ታክሲ ጠፋ። ዛሬ የመመረቂያ ጥናቷ የሚቀርብበት ቀን ነው። ካለፈች ዲግሪ አለ፤ አለበለዚያ የአራት ዓመት ልፋት ገደል ገባ።

አዳራሹ ስትደርስ፣ አይ ጉድ! መድረኩ ላይ የክፍሏ ልጅ ባሮክ ቆሟል። ያውም ጥቁር ሙሉ ልብስ ግጥም አድርጎ፣ ሚዜ ይመስል። ከጀርባው የእሷ ስላይድ በርቷል፦ «የአራዳ የእንጨት ሰገነቶች»።

«ባሮክ! ምን እየሠራህ ነው?»

ቀና አላለም። ሌላውም ዞር ብሎ አላያትም።

ይህ ባሮክ እኮ ሰው ፊት ሲቆም የሚንተባተብ ልጅ ነው! ፒያሳ ማኪያቶ እየጋበዘች ያሠለጠነችው እሷ ናት። «ስላይዱ ላይ ድርሰት አትጻፍ። ለሰው ጀርባህን ሰጥተህ አታንብብ። ሲጨንቅህ ተንፍስ፣ ከኋላ ያለውን ሰው እያየህ ቀጥል።» ባጎረስኩ ተነከስኩ ማለት ይኼ ነው።

ወደ ጓደኛዋ ወደ አስማ ሄደች።

«አንቺ፣ ሥራዬን ሲሰርቀኝ እያየሽ ዝም ትያለሽ?»

አስማ እንደበረዳት ሁሉ ሻርፗን ሰበሰበች። አሃ፣ ተማክረውብኛል አለች ረይሀና።

የባሰው ፊት ወንበር ላይ ነበር። አባቷ ጋሽ እንድሪስ በሥራ ቀን የጨርቅ ሱቃቸውን ዘግተው መጥተዋል። ልጃቸው ስትዋረድ እንዲያዩ ማን ጠራቸው?

«አባዬ፣ ወላሂ ሥራው የኔ ነው!»

አባቷ አንገታቸውን እንደደፉ ቀሩ። ይኼኔ አለቀሰች።

ባሮክ መሃል ላይ ድምፁ ተቆረጠ። በለው! አሁን ይጋለጣል። ግን አንጀቷ እምቢ አላት። ያን ያህል የለፋችበት ነገር ዓይኗ እያየ ሲበላሽ መቆም አልቻለችም። ወደ ኋለኛው ረድፍ ሮጣ እጇን አነሣች፦ ቀስ በል፣ ተንፍስ።

ባሮክ ወደ ኋላ አየ። በረጅሙ ተነፈሰ። ከዚያ እስከ መጨረሻው ሳያነብ፣ ሳይንተባተብ ተወጣው።

ሲጨርስ ማንም አላጨበጨበም። እሰይ፣ ሌብነቱ ገብቷቸዋል፣ አለች።

ሰብሳቢው ፈታኝ መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ጋሽ እንድሪስ ሄዱ፤ ሁለት እጃቸውንም ያዙ።

«ጋሼ፣ የልጅዎ ጥናት አልፏል። አላህ ይዘንላት፤ ዲግሪዋን እርስዎ ይቀበሉላት።»