ለሚካኤል የተነገረው

«ቀኑ ደርሶ ነው እንጂ ምን ይባላል» አለ የሟቹ የሥራ ባልደረባ ገብረ ጻድቅ፣ ጋቢውን ወደ ትከሻው እየሳበ።

ሰርካለም ጥርሷን ነከሰች። ከጠዋት ጀምሮ ወደ ለቅሶው ድንኳን የገባ ሁሉ ይህንኑ ሲላት ውሏል። ባሏን ብርሃነ መስቀልን እጁን ይዞ የጎተተው ግን ቀን አይደለም። ከጫጫ ከተማ ወጣ ብሎ ያለው የጠጠር መፍጫ ቺንጋ፣ ማሽኑን የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ ነው። ቺንጋው በሚሽከረከረው ብረት ላይ በሚጠመጠምበት በኩል መከለያ ነበረው። ድንጋይ በተቀረቀረ ቁጥር እሱን መፍታት ሥራ ያጓትታል ተብሎ አንድ ቀን ተነሳ፤ ተነስቶም ቀረ። ብርሃነ መስቀል ራሱ ራት እየበላ ስለዚህ ነገር ሲያጉረመርም ስንቴ ሰምታዋለች።

የመፍጫው ሠራተኞች አግዳሚውን ሞልተውታል። በመካከላቸው አለቃቸው ወርቅአገኘሁ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። እንዴት እንደሆነ ንገሩኝ ስትላቸው አንዱ እግዜር ያጥናሽ ይላታል፤ ሌላው ሟች አይወቀስም ይላታል። እሷ ሟቹን መች ወቀሰች?

ገብረ ጻድቅ ሊያጽናናት ብሎ የራሱን ታሪክ አመጣ። አምና ያው ቺንጋ የሹራቡን እጅጌ ይዞት ነበር። ሹራቡ ተቀዶ ባይለቀው ዛሬ አፈር ነበር። ለሚካኤል ተስሎ፣ ለኅዳር ንግሥ ያንን የሚያክል ጃንጥላ አስገባ። እሱን ያተረፈ መልአክ እሷንም አይረሳትም።

ሰርካለም ጃንጥላው ትዝ አላት። ስለቱ በድምፅ ማጉያ ሲነበብ ጫጫ በሙሉ ሰምቷል። ከማሽን አፍ ስላወጣኸኝ ተብሎ ሴቱ እልልታውን አቅልጦታል።

«ለአለቃህስ ነግረኸው ነበር?»

ገብረ ጻድቅ ግራ ገባው። «ምኑን? ተርፌ የለ እንዴ፣ ሰርኬ?»

ወደ አለቃው ዞረች። «እርስዎስ አልሰሙም?»

«ለኔ የቀረበልኝ ነገር የለም» አለ ወርቅአገኘሁ። የሁሉም ዓይን እሱ ላይ ሲያርፍ ጉሮሮውን ጠረገ። «ንግሡ ላይ ግን ነበርኩ። እኔም አጨብጭቤያለሁ።»

«አጨበጨቡ።»

«ወይዘሮ ሰርካለም፣ ይሄ ለለቅሶ ቤት የሚሆን ወሬ አይደለም። ቢሮ ይጣራል።»

ከጣርማ በር በኩል የሚመጣው ነፋስ የድንኳኑን ሸራ አርገበገበው። ሰርካለም ንዴቷ አንገቷ ድረስ ወጣ። መጮህ አማራት። ብትጮህ ግን ባሏን የምታለቅስ መስሏቸው ግራ ቀኝ ይዘው ያባብሏታል፤ እሷ መባበል አልፈለገችም። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እሺ፣ ይጣራ። መፍጫው መቼ ሥራ ይጀምራል?»

«ሰኞ።»

«በብርሃነ መስቀል ቦታ ማን ይቆማል?»

ወርቅአገኘሁ ቆቡን አገላበጠ፤ ከዚያ ወደ ሴቶቹ መቀመጫ አየ። እዚያ የተቀመጠችው አልታየች የምትባል፣ ከሠራተኞቹ ጋር ጠጠር የምታበጥር ልጅ እግር ሴት ነበረች። ከጠዋት ጀምሮ ስታለቅስ እንጂ ስትናገር አልተሰማችም።

«እሷ ተመድባለች» አለ።

ሰርካለም ሠራተኞቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። «ለሚካኤል የምትነግሩትን ለዚህም ሰውዬ ንገሩት። ይኸው፣ ፊታችሁ ተቀምጧል።»

ገብረ ጻድቅ አቀረቀረ። ወርቅአገኘሁ ቆቡን ደፍቶ፣ ነፍስ ይማር ብሎ ተነሳ። በሩ ጋ ሳይደርስ አልታየች ከሴቶቹ መካከል ወጥታ ፊቱ ቆመች።

«ጋሼ፣ ትንሽ ይቀመጡ» አለችው። «እኔ ስለቴን ገና አላስገባሁም።»

የሹራቧን እጅጌ እስከ ክርኗ ሰበሰበች። ቺንጋው የላጠው ክንዷ፣ ከእጅ አንጓዋ ጀምሮ ወደ ላይ፣ ቅርፊቱ እንኳን ገና አልረገፈም።