ስድስት አጋዥ፣ ለሳኝ የለም

«ስድስት አጋዥ፣ አንድም ለሳኝ የለም» ትላለች ወይዘሮ ብራንት፣ ጭኗ ላይ ያሉትን ቅጾች እንደገና እያገላበጠች። «እሺ፣ ማንን ነው የምታግዙት?»

ኦርሊንዳ ወደ ቪዳልያ ትጠቁማለች። ቪዳልያ ወደ እትዬ ኤውፌሊያ። እትዬ ኤውፌሊያ፣ በሰባ ስምንት ዓመታቸው እስከ ክርናቸው ጭቃ እንደሆኑ፣ ወደ ሄኖቬቫ። ሄኖቬቫ ወደ እኔ። እኔ ደግሞ፣ ምን ላድርግ፣ ወደ ኦርሊንዳ። ክሌኦፋስ ብቻ ወደ ማንም አትጠቁምም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ምሳዋን ታኝካለች።

የምንመርገውን ክሊኒክ የሚያሠራው ተቋራጭ አቶ ፕሩት በሳቅ ይንፈቀፈቃል። «አላልኩዎትም? ጭቃ የሚያቀብሉ የቀን ሠራተኞች ናቸው። ይኸው ራሳቸው በእጃቸው ጽፈውልዎታል!»

ጥፋቱ የኛው ነዋ! እዚህ ሸለቆ ውስጥ ምርጊትና ልስን የሴት ሙያ ነው። «እኔ ባለሙያ ነኝ» ያለች ሴት ግን ልጆቿ እስኪዳሩ ድረስ ትታማለች። ስለዚህ ቤቱን ብቻዋን መርጋ የጨረሰች እንኳ ብትጠየቅ መልሷ «አበልጄን እያገዝኩ ነው» ነው። ይህንኑ የይሉኝታ ወግ የመንግሥት ቅጽ ላይ ጻፍነው። ጉድ እኮ ነው!

ወይዘሮ ብራንት በአውራጃው ለየትኛው ሙያ ስንት እንደሚከፈል የምትመዘግብ የመንግሥት ሠራተኛ ናት። እሷ የመዘገበችው ክፍያ ለመንግሥት ሥራ ሁሉ ደመወዝ ይሆናል፤ ከዚያ በታች መክፈል አይቻልም። በአንድ ሙያ ስድስት ሰው ካልተገኘ ግን ያ ሙያ በአውራጃው እንደሌለ ይቆጠራል። ከፋሲካ በኋላ አቶ ፕሩት የያዘው የድሮው ትምህርት ቤት እድሳት ይጀመራል፣ የሦስት ዓመት የመንግሥት ሥራ ነው። አምና ሌሎች አሠሪዎች በሰዓት ሠላሳ ሁለት ዶላር ከፍለውናል፣ ማስረጃው በእጇ ነው። የቀን ሠራተኛ ከተባልን ግን አቶ ፕሩት የሚከፍለን አሥራ ስምንት ይጸናል። ምዝገባው የሚዘጋው ዛሬ ነው።

«ቅጹን ላስተካክለው?» እላታለሁ።

«የተፈረመ አይሰረዝም፣ ወይዘሮ ኢሳውራ። አብሮ የሠራ ሰው ከመሰከረ ግን እጽፋለሁ። አንድ ሰው ለአንድ ሰው ብቻ።»

«እንግዲያው ስለራሳችን አይጠይቁን። እያንዳንዳችንን ስለ ሌላዋ ይጠይቁን!»

ቀና ብላ ታየኛለች። ከዚያ ወደ ኦርሊንዳ ትዞራለች። «ቪዳልያ ምን ትሠራለች?»

ምኑን ልንገራችሁ! «ቪዳልያ? ቪዳልያማ የመስኮት ጠርዝ በባዶ መዳፏ ስታወጣ ውሃ ልኩ ያፍራል!» ቪዳልያ እንደ በርበሬ ቀልታ «ኧረ ተይ አንቺ» ትልና ወዲያው ስለ ሄኖቬቫ ትጀምራለች፤ ሄኖቬቫ ጭቃውን በጣቷ አሽታ ስንት እፍኝ ጭድ እንደጎደለው ታውቃለች ትላለች። ሄኖቬቫ ትቀጥላለች፤ «እትዬ ኤውፌሊያ ያላስተማሩት ማን አለ? አቶ ፕሩት የተወለዱበትን ቤት የመረጉት እሳቸው ናቸው!» እትዬ ኤውፌሊያ በተራቸው ኦርሊንዳን ያነሳሉ፤ የኦርሊንዳ ጭስ ማውጫ ጎርፍ ቢመጣ ንቅንቅ አይልም።

«ይሄ ወሬ ነው!» ይላል አቶ ፕሩት።

«ምስክርነት ነው» ትላለች ወይዘሮ ብራንት፣ ብዕሯ ሳያርፍ። «አራት። ክሌኦፋስስ?»

ዓይኑ ሁሉ እኔ ላይ ያርፋል። ከክሌኦፋስ ጋር አበልጆች ነን፤ የበኩር ልጇን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ። አራት ዓመት ሙሉ ግን ተኳርፈናል። የቤተ ክርስቲያኑን ሰሜን ግድግዳ ስመርግ፣ በሰው ፊት «ዓመት ሳይሞላው ይሰነጠቃል» ብላኛለች። እንዲህ ያለ ነገር ይረሳል?

«ማዕዘን ማውጣት የተማርኩት እሷን አይቼ ነው» እላለሁ። እውነት ግን እውነት ነው። «ከሷ የሚስተካከል አላየሁም።»

«አምስት። ኢሳውራስ?»

የቀረችው ምስክር አንድ ናት። ክሌኦፋስ ማኘኳን ታቆማለች። እግዚኦ፣ የስድስት ሴት እንጀራ እሷ አፍ ውስጥ ነው። አንገቷን እንኳ ሳታዞር ትጀምራለች።

«ሴትዮዋ በቅሎ ናት። ግትር። ምክር አትሰማም።»

አቶ ፕሩት ፈገግ ይላል።

«የቤተ ክርስቲያኑ ሰሜን ግድግዳ የሷ ነው» ትላለች ክሌኦፋስ። «ይሰነጠቃል ብዬ ነበር። አራት ዓመት፣ በረዶው በቀለጠ ቁጥር፣ ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ተደብቄ ስንጥቅ ስፈልግ ኖሬያለሁ። በጥፍሬ ሳይቀር ዳስሼዋለሁ።» አሁን ትዞራለች። ዓይኖቿ እንባ ሞልተዋል። «አንድም የለውም፣ ወይዘሮ። እንደ ፀጉር የቀጠነ እንኳ የለውም። ለሳኝ ናት፤ ይጻፉ።»

ወይዘሮ ብራንት ትጽፋለች፣ ትፈርማለች፣ «ስድስት ለሳኝ» ብላ ጮክ ብላ ታነባለች። ኦርሊንዳ ሸለቆው እስኪያስተጋባ ትጮኻለች። ቪዳልያ ባዶ ባልዲ እየመታች ትዘላለች። እትዬ ኤውፌሊያ ጭቃ በጭቃ በሆነ እጃቸው ወይዘሮ ብራንትን አቅፈው ይስማሉ፤ ልብሷም አለቀለት። አቶ ፕሩት ወደ መኪናው ይሄዳል።

እኔ እንደ ሕፃን አለቅሳለሁ፣ አላፍርበትም። ክሌኦፋስ እጅጌዋን እየሰበሰበች ባጠገቤ ታልፋለች።

«ምን ይገትርሻል፣ አበልጄ? ነይ፣ ጭቃው ሳይደርቅ።»

ጎን ለጎን እንንበረከክና አራቱንም እጃችንን አንድ ባልዲ ውስጥ እንከታለን።