ከደረጃው ማዶ የመጣው ሥራሥር

«ትፋው! አሁኑኑ ትፋው!»

ወንድምየው ጉንጩን ሞልቶ እንደያዘ ዓይኑን ያጉረጠርጣል። ምግብ አብሳይዋ እህቱ ግራ መዳፏን አገጩ ሥር ዘርግታለች፤ በቀኟ የተገመጠውን ነጭ ሥራሥር ከእጁ ነጥቃዋለች። እያጉረመረመ ይተፋል።

«ምን አለበት? ድንች እኮ ነው፤ ረዘም ያለ ድንች!»

«ድንችስ ቢሆን ጥሬውን ይበላል እንዴ? ተጉመጥመጥ!»

ወንድሟ ዕድሜውን በከባድ መኪና መሪ ላይ የጨረሰ፣ ያልረገጥኩት አገር፣ ያልቀመስኩት ምግብ የለም ባይ ነው። ይሄን ግን ሁለቱም አያውቁትም። ልጣጩ እንደ ዛፍ ቅርፊት ሻካራ፣ ውስጡ እንደ ኖራ ነጭ፣ መሐሉ ላይ ጅማት ያለው፤ አንድ ቅርጫት ሙሉ። ያመጣችው ከደረጃው ማዶ በቅርቡ የተከራየችው ሴት ናት፤ ቋንቋቸውን ገና ያልለመደች፣ ሰው ስታይ ግድግዳውን ታክካ አንገቷን ደፍታ የምታልፍ። ዛሬ ጠዋት አንኳክታ ቅርጫቱን አስታቀፈቻቸውና አንድ ቃል ሳትተነፍስ ተመለሰች።

«ጣይው በቃ» ይላል ወንድሟ አፉን እየጠረገ። «ስታገኚያት ‹እጅ ያስቆረጥማል› በያት። ማን ያያል?»

ምግብ አብሳይዋ ቅርጫቱን ታየዋለች። አፈር የሚባል የለበትም፤ እያንዳንዱ ታጥቧል። እሷ አንድ ሙሉ ሆስፒታል የምትመግብ ሴት ናት። ስንቱ በሽተኛ «ከአልጋ ያነሳኝ የእሷ ሾርባ ነው» ብሎላታል። ስለ ምግብ ሰው እሷን ይጠይቃል እንጂ እሷ ማንንም ጠይቃ አታውቅም። ጣቷ ላይ የቀረውን ነጭ ውሃ ታሸተዋለች። ምንም አይነግራትም።

«አላውቀውም» ትላለች ጮክ ብላ፤ ቃሉ ለራሷም ጆሮ እንግዳ ነው። «የምታውቀው ግን እዚህ ማዶ አለች።»

«አንቺ? ልትጠይቂያት? ‹መርዝ ነው ወይ ያመጣሽልን› ልትያት?»

«‹አሳዪኝ› ልላት።»

ዓይኗን በጨው አጥባ፣ ቅርጫቱንና ቢላዋዋን ይዛ ሄዳ ታንኳኳለች። ሴትየዋ ቅርጫቱ ተመልሶ ሲመጣ ታይና ፊቷ ይጨልማል። ምግብ አብሳይዋ ግን ቢላዋዋን በእጀታው በኩል ትዘረጋላታለች፣ ወደ ራሷ ቤት ትጠቁማለች፣ «እንዴት?» ትላለች።

ሴትየዋ ጥቂት ታመነታለች። ከዚያ ቢላዋውን ትቀበላለች።

ኩሽና ስትገባ ሌላ ሰው ትሆናለች። የተገመጠውን ስታይ ጭንቅላቷን ትይዛለች። «ጥሬ የለም! የለም! ሆድ...» ትልና እጥፍ ብላ ታሳያቸዋለች። «ተፍቶታል፣ ተፍቶታል» ትላለች እህቱ፤ ወንድምየው ግን ሆዱን መዳሰስ ጀምሯል።

ሴትየዋ ላይኛውን ልጣጭ ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያለውን ወፍራሙንም ትገፈዋለች። ጅማቱን ትመዛለች፣ ትቆራርጣለች፣ አጥባ ድስት ውስጥ ትጥዳለች። ምግብ አብሳይዋ ከልማድ ድስቱን ልትከድን ስትል «ክፍት!» ይመጣባታል። ክዳኑን ታነሳለች። የፈላው ውሃ ተደፍቶ ሌላ ሊጣድ ነው።

«ውሃ!» ትላለች ሴትየዋ ሳትዞር።

እህቱ ስንት ዘመን ለምናው አንድ ብርጭቆ አንስቶ የማያውቀው ሰውዬ ጆጉን ይዞ ይሮጣል።

እንፋሎቱ ኩሽናውን ሲሞላ ሥራሥሩ መሰነጣጠቅ ይጀምራል። ምግብ አብሳይዋ ሹካ ታነሳለች። ከድስቱ አፍ ሳትደርስ፣ ሴትየዋ በጭልፋው ጀርባ እጇን ቸብ ታደርጋታለች።

«ገና!»

ወንድምየው ትንፋሹን ይውጣል። እናታቸው ካረፈች ወዲህ የእህቱን እጅ የመታ የለም። እሷ ግን ከት ብላ ትስቃለች፣ ሹካዋን አስቀምጣ እጆቿን ወደ ኋላ ታጣምራለች።

ሴትየዋ ለመሳቅም ለመደንገጥም ጊዜ የላትም። አንዱን ታወጣለች፣ ትሰብረዋለች፣ እፍ ትልበታለች፣ አስቀድማ ራሷ ትቀምሳለች። ዓይኗን ጨፍና ቀስ ብላ ስታኝክ ሁለቱ አፏን እያዩ ይጠብቃሉ።

ዓይኗን ትገልጣለች። አገጯን ቀና፣ ጭልፋውን ከፍ አድርጋ ታዛቸዋለች።

«አሁን! ብሉ!»